ለባልትና ቤት የ20 ሰከንድ አኒሜሽን ማስታወቂያ፣ ከየት ልጀምር?

ጀማሪ ከገርጂ

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ሰፈራችን ገርጂ አንድ ባልትና ቤት አለ። ባለቤቷን እትዬ እያልን ነው ያደግነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ሁሉንም ይሸጣሉ። ሰሞኑን ልጃቸው ቲክቶክ ላይ የአንድ ጫማ ሱቅ አኒሜሽን አሳያቸውና «ለእኔም እንደዚህ የሚንቀሳቀስ ነገር ሥራልኝ» አሉኝ። የበርበሬያቸውን ላስቲክ ስቲከር የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ሁሉን የምችል ይመስላቸዋል።

ኢላስትሬተርና ፎቶሾፕ ላይ አልታማም። ምስል የማንቀሳቅስበትን አፍተር ኢፌክትስን ግን ከዩቲዩብ ነው የለቃቀምኩት። ኪይፍሬም (እንቅስቃሴ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ነጥብ ማስቀመጥ) አውቃለሁ፣ ሎጎ አሽከርክሬ አውቃለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አልሄድኩም። ላፕቶፔ 8 ጊጋ ራም ነው።

እትዬ የፈለጉት ይኸው፣ ቃል በቃል፦ «ሁሉም ዕቃ ይታይ። ስልኩ ሦስቱም ይጻፍ። ጥራታችን ይነገር። ቤት ድረስ እንደምናደርስ ይነገር። እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ክፍት መሆናችንም ይነገር። ሙዚቃው ደመቅ ይበል።» ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ሊለቁት ነው። ሱቁ ውስጥ ያለው ቲቪ ላይም ቀኑን ሙሉ እንዲዞር ይፈልጋሉ።

20 ሰከንድ ይበቃል? አማርኛ ጽሑፍ አፍተር ኢፌክትስ ላይ ስለጥፍ ዝብርቅርቁ የወጣ የእንግሊዝኛ ፊደል ይሆንብኛል፣ ምን ይሻላል? ድምፁን ማን ያንብበው? ዋጋውስ? እትዬን ብዙ ብር መጠየቅ ይከብደኛል። በነፃ ከሠራሁ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ሊሰለፍብኝ ነው።

ቶሎ ቶሎ

ብሮ አታካብድ። ካፕካት ወይም ካንቫ ግባ፣ የምግብ ቴምፕሌት (አስቀድሞ የተዘጋጀ ቅርጽ) ምረጥ፣ የዕቃዎቹን ፎቶ አስገባ፣ ጽሑፉን ቀይር፣ አለቀ። ግማሽ ቀን አይፈጅብህም። የሰፈር ሱቅ ነው እኮ፣ አየር መንገድ አይደለም።

ታፔላ ጸሐፊው

ቶሎ ቶሎ ያለው መንገድም መንገድ ነው፣ አልጣላውም። የአንድ ቀን የበዓል ቅናሽ ከሆነ እኔም ቴምፕሌት ውስጥ ገብቼ እወጣለሁ። ችግሩ ቴምፕሌቶቹ የተሰፉት በእንግሊዝኛ ልክ ነው። የጽሑፍ ሳጥኗ አምስት ስድስት ሆሄ ላላት ቃል የተመጠነች ናት። እዚያ ውስጥ «ቤታችሁ ድረስ እናመጣለን» ብለህ ስትጽፍ ወይ ከሳጥኑ ይፈሳል፣ ወይ ፊደሉ አንሶ አይነበብም። ያንኑ ቴምፕሌት ደግሞ ማዶ ያለው ፀጉር ቤትም ተጠቅሞበታል።

እኔ ወደ ሞሽን (የሚንቀሳቀስ ግራፊክስ) የመጣሁት ከታፔላ ነው። በብሩሽ የሱቅ ስም እጽፍ ነበር፣ የባነር ማተሚያው መጥቶ እንጀራችንን እስኪወስደው ድረስ። ታፔላ አንድ ነገር በደንብ ያስተምራል። የሚያነብህ ሰው ቆሞ አያነብህም። ታክሲ ውስጥ ነው፣ አጠገቡ ያለው ሰው «ወራጅ አለ» እያለ ነው፣ ሒሳቡን እየቆጠረ ነው። ቲክቶክ ላይም ያው ነው፣ ጣቱ ስክሪኑ ላይ ነው።

ስለዚህ የእትዬን ዝርዝር ያዝና አንዱን ብቻ ምረጥ። ስድስት ዕቃ በ20 ሰከንድ ልታሳይ ነው እንበል። ስልክና አድራሻው አምስቱን ሰከንድ ይወስዳሉ። የቀረው አሥራ አምስት ለስድስት ሲካፈል ለአንዱ ሁለት ሰከንድ ተኩል ነው። በሁለት ሰከንድ ተኩል ድርቆሽ መሆኑን እንኳ ሳይለዩት ያልፋል። እትዬን እንዲህ ብለህ ጠይቃቸው፦ «ከሩቅ ሰፈር ታክሲ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ምን ብሎ ነው የሚመጣው?» በርበሬ ካሉህ ማስታወቂያው የበርበሬ ነው። ሌላውን መጨረሻ ላይ አንድ መደርደሪያ ስለህ ደርድረው። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ደግሞ በርበሬውን አውጥተህ ሽሮ የምታስገባበት ሌላ ክሊፕ ትሠራለህ፣ ያኔ ሁለተኛ ክፍያ ነው።

አሁን አፍተር ኢፌክትስን ዝጋው። መጀመሪያ ድምፁ ይቀዳ። ብዙ ጀማሪ ምስሉን ሠርቶ ሠርቶ ድምፁን መጨረሻ ላይ ይለጥፍበታል። ከዚያ አንባቢው ሦስት ሰከንድ ይተርፈዋል ወይም ይጎድለዋል፣ ኪይፍሬሙን ሁሉ ስትጎትት ታድራለህ። ድምፁ አስቀድሞ ከተቀዳ ግን ምስሉ የት እንደሚቆረጥ እሱ ራሱ ይነግርሃል።

«ሙዚቃው ደመቅ ይበል» ላሉት እኔ ብሆን ሙቀጫ እጠቀማለሁ። እውነቴን ነው። የእትዬን ሙቀጫና ዘነዘና ቅዳ። በደቂቃ 75 ምት እንዲወቀጥ አድርግ። ለምን 75? ኮምፖዚሽንህን (ሌየሮቹን የምትደረድርበትን ሰሌዳ) በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ማለትም 25 ምስል፣ ካደረግከው አንዱ ምት በትክክል 20 ፍሬም ላይ ያርፋል። 20 ሰከንድ ማለት 500 ፍሬም ነው፣ 25 ምት ነው። ከ25ቱ ስድስቱን ለስልክና ለአድራሻ ስጥ፣ አምስት ሰከንድ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። አሥራ ዘጠኙ የበርበሬው ነው። ከዚህ በኋላ ቆርጦ መቀጠል የግምት ሥራ አይሆንብህም። እያንዳንዱ ለውጥ «ዱም» ስትል ይገባል። የምትፈልገው ድምቀትም ያለ ከበሮ መጣልህ።

የታወቀ ዘፋኝ ዘፈን ከስር አስገባ ካሉህ እንቢ በል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ ቲክቶክም ድምፁን ሊዘጋብህ ይችላል። ክራር የሚጫወት ጓደኛ ካለህ አስከፍሎህ ይቅዳልህ፣ ፈቃዱን በጽሑፍ ያዝ።

ወደ ፊደሉ ልምጣ፣ ይሄ የእኔ በሽታ ነው። ዝብርቅርቅ የሚልብህ በፓወር ግዕዝ የድሮ ፎንት ስለምትጽፍ ይመስለኛል። እነዚያ ፎንቶች የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ይዘው ከላይ የአማርኛ መልክ ብቻ ነው የለበሱት። ሌላ ፎንት ላይ ስትለጥፈው ልብሱ ይወልቅና ከስር ያለው እንግሊዝኛ ይወጣል። ፊደላችን በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ዛሬ ወደ ድሮው የምትመለስበት ምክንያት የለም። ኪቦርድህን ዩኒኮድ አድርግ፣ ጽሑፉን እንደገና ጻፈው፣ ፎንቱን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በለው። ነፃ ነው፣ ከቀጭን እስከ ድፍን ብዙ ውፍረት አለው። አቢሲኒካ ኤስአይኤልም ነፃ ነው፣ የቁም ጽሕፈት መልክ ስላለው ለሱቁ ስም ያምራል። ኒያላ ዊንዶውስ ላይ ስላገኘኸው ብቻ አትጠቀምበት፣ ቀጭን ስለሆነ ስልክ ላይ ይጠፋል።

ደግሞ ፎንቱ ራሱ ድፍን ካልሆነ ሶፍትዌሩ ውስጥ ባለው የማወፈሪያ ቁልፍ አታወፍረው። የ«ቀ» ሆድ ይደፈናል፣ የ«ሬ» ቀለበት ይደፈናል። በርበሬ እየሸጥክ «ሬ» ካልተነበበች ምን ቀረህ? እኛ እንደ እንግሊዝኛው ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም። አንድ ቃል እንዲጮህ ከፈለግህ በመጠን ወይም በቀለም ለየው። ጽሑፉን በፊደል በፊደል አታስገባው። የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፣ «እናመጣለን» ተጽፎ እስኪያልቅ ሰውየው ጥሎህ ሄዷል። ቴክስት አኒሜተር (ጽሑፍ ማንቀሳቀሻው) ውስጥ ሬንጅ ሴሌክተሩን (የትኛው ክፍል እንደሚንቀሳቀስ የሚመርጠውን) ክፈትና «ቤዝድ ኦን» የሚለውን ወደ ቃላት ቀይረው። ቃሉ ሙሉውን ይግባ፣ ይቁም። ስንት ይቁም ካልከኝ፣ ድምፅህን አውጥተህ ረጋ ብለህ ሁለት ጊዜ አንብበው፣ ያን ያህል ይቁም።

ሰዓቱን ለማሳየት የግድግዳ ሰዓት ስለህ ጠቋሚውን እንዳታዞር። ሦስት ላይ ብታቆመው ስልኩን በፈረንጅ አቆጣጠር የለመደ ልጅ ዘጠኝ ሰዓት ነው ይልሃል። ዘጠኝ ላይ ብታቆመው እትዬ ይቆጡሃል። ጨረቃ ሳልና «እስከ ማታ 3 ሰዓት» ብለህ ጻፍ፣ ተገላገልክ።

አድራሻውን ከሥዕሉ ጋር አታዋህደው፣ ለብቻው ኮምፖዚሽን ይሁን። እኛ አገር አድራሻ «ከእንትን ፊት ለፊት» ነው። በኮሪደር ልማቱ ደግሞ ስንት ምልክት የነበረ ቤት ተነሥቷል። «እንትን» ነገ ላይኖር ይችላል፣ ያኔ ያቺን አንዷን ብቻ ከፍተህ ትቀይራለህ።

ዋጋ ላይ ቁጥር አልሰጥህም፣ የእትዬን ኪስ አንተ ታውቃለህ። ግን ግማሹን አስቀድመህ በቴሌብር ተቀበል። ማስተካከያ ሁለት ዙር ብቻ መሆኑን በቴሌግራም ጽፈህ ላክላቸው፣ በቃል ከሆነ ልጃቸውም፣ የልጃቸው ጓደኛም አስተያየት ይዞ ይመጣል። በርበሬ ከሰጡህ እንደ ምርቃት ተቀበል እንጂ እንደ ክፍያ አትቁጠረው።

ጀማሪ ከገርጂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እትዬን ጠየቅኳቸው። ሳያስቡ «በርበሬ ነዋ! የማረቆ በርበሬ ነው የማስመጣው፣ ቅንጠሳውን ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ ነው የማሠራው» አሉ። ስለዚህ በርበሬ ሆኗል።

ስክሪፕት ሞከርኩ፦

«ጥራት መለያችን! ባልትና ቤታችን ለውድ ደንበኞቹ ከምርጥ ግብዓት የተዘጋጁ፣ ለጨጓራ የሚስማሙ፣ በከተማችን ተወዳዳሪ የሌላቸው የባልትና ውጤቶችን በተመጣጣኝ ዋጋ ይዞላችሁ ቀርቧል። ፈጥነው ይደውሉ፣ ቤትዎ ድረስ እናደርሳለን።»

ታፔላ ጸሐፊው

ወንድሜ፣ አትቀየመኝና «ጥራት መለያችን» የሚለውን ሳሙናውም፣ ቆርቆሮውም፣ ኮሌጁም ይለዋል። ጆሮ ለምዶታል፣ አይሰማውም። «ለጨጓራ የሚስማማ»ን አሁኑኑ አጥፋ። «ተወዳዳሪ የሌለው»ንም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፣ በማስረጃ የማታረጋግጠውን ነገር አትናገር። ደግሞ በርበሬ ለጨጓራ ይስማማል ቢባል ማን ያምናል?

እትዬ ራሳቸው ስክሪፕቱን ሰጥተውህ አላየኸውም። «ቅንጠሳውን ቁጭ ብዬ ነው የማሠራው» አሉህ። ይሄ ነው ማስታወቂያው። እንዲህ አድርገው፦

«የማረቆ በርበሬ። አንድ በአንድ ተቀንጥሶ። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ። በኮረሪማ፣ በጥቁር አዝሙድ፣ በጤና አዳም ተቀምሞ። እትዬ ባሉበት ተፈጭቶ። ገርጂ መብራት ኃይል ነን። ደውሉ፣ ቤታችሁ ድረስ እናመጣለን።»

ቅመሞቹን እትዬ የሚያስገቡትን ብቻ ጥራ፣ እኔ ከልማድ ነው የጻፍኩት። በአጭር በአጭር የተቆረጠ ስለሆነ በምቱ መካከል ይገባል። ድምፁም ጠፍቶ ቢታይ እያንዳንዷ ሐረግ ብቻዋን ስክሪን ላይ ትቆማለች። ታክሲ ውስጥ ድምፅ ዘግቶ የሚያይ ብዙ ነው።

የመጀመሪያዋን ሰከንድ በሎጎ አታባክናት። በቅንጠሳ ጀምር። አንድ ቀይ ዛላ በርበሬ ስክሪኑን ሞልቶ ይታያል፣ ሁለት ጣት ጭራውን ይይዛል፣ የመጀመሪያው «ዱም» ሲል ቀንጠስ! ይህቺን አንዷን እንቅስቃሴ በደንብ ከሠራህ ሌላው ይከተላል፣ ስለዚህ ዘርዘር ላድርጋት። ኢላስትሬተር ላይ የበርበሬውን አካል፣ ጭራውንና ጣቶቹን በየራሳቸው ሌየር (ንብርብር) አድርግ። አፍተር ኢፌክትስ ውስጥ ስታስገባው እንደ ኮምፖዚሽን አስገባው፣ የሌየሮቹን መጠን ጠብቆ የሚለውን ምረጥ። የበርበሬውን አንከር ፖይንት (የሚዞርበትን ነጥብ) ከመሃል አንሥተህ ጭራው የሚገናኝበት አናቱ ላይ አድርግ፣ ኪቦርዱ ላይ Y (ዋይ) ተጭነህ መጎተት ነው። ጭራው ከመቆረጡ በፊት በርበሬው ለጥቂት ፍሬም በቀስታ ወደ ጣቱ ይሳብ፣ ትንሽ ይለጠጥ። መቆረጡ ግን በአንድ ፍሬም ይለቅ፣ ማለስለሻ አያስፈልገውም። ከዚያ በርበሬው ወደ ታች ይፈናጠር፣ ሁለት ጊዜ ይወዝወዝ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያነሰ ይሁን፣ ይርጋ። ጀማሪ ሁሉንም ኪይፍሬም መርጦ የማለስለሻውን ቁልፍ ኤፍ 9 ይጫንበታል፣ ሁሉም ነገር ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። በርበሬ ሲቀነጠስ ጠብ ነው የሚለው።

ከዚያ ሦስት አራት ምት ላይ ሌሎች በርበሬዎች ይቀነጠሳሉ። ሰፌድ ላይ ይወድቃሉ። ሰፌዱ ዞሮ ፀሐይ ይሆናል፣ ክብ ከክብ ጋር ስለሚገጥም ሽግግሩ በነፃ መጣልህ። ቅመሞቹ አንድ አንድ ምት ይውሰዱ። ወፍጮ፣ ወንፊት፣ ላስቲክ፣ መደርደሪያ፣ ስልክ። ስቶሪቦርዱን (ትዕይንቶቹን በተራ) በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሳልና እትዬን አስፈርማቸው። ቀልዴን አይደለም፣ ወረቀት ላይ ማስተካከል በነፃ ነው።

ባለሱቋ

እኔ የኮምፒውተሩን ነገር አላውቀውም፣ ልጄ ነው ይሄን ያሳየኝ። ሾላ ገበያ ባልትና እሸጣለሁና አንድ ነገር ልበል።

ልጄ፣ በርበሬውን ደማቅ ቀይ እንዳታደርገው። እኔ ጋ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ባዕድ ነገር የለበትም?» ብሎ ነው። ሸክላ ይቀላቀልበታል ሲባል ሰምቷል፣ ቀለም ሲባል ሰምቷል። ዱቄቱ እንደ ከረሜላ ቀይ ሆኖ ካየው ይሸሻል። ጥሩ በርበሬ ጠቆር ያለ ቀይ ነው፣ ከቅመሙ ጋር ሲሆን ደግሞ ወደ ቡኒ ያደላል። ዛላው ሲታይ ግን ይወዳሉ። እኔ ራሴ አንድ ጆንያ ዛላ በር ላይ ክፍት አድርጌ ነው የማስቀምጠው። ይንኩት፣ ያሽትቱት ብዬ።

ታፔላ ጸሐፊው

የሾላዋ እትዬ፣ እጅዎን ይባርከው። ይሄን ዲዛይነር አይነግረውም።

ጀማሪ፣ ቀለሙን ከራስህ አታውጣ። የእትዬን በርበሬ ነጭ ወረቀት ላይ አድርገህ በር ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ ጥላ ውስጥ ፎቶ አንሣው። ሱቁ ውስጥ አምፖል ስር አታንሣ፣ ቢጫ ይሆናል። ከፎቶው በአይድሮፐር (ቀለም መምጠጫው) ሦስት ቀለም ውሰድ፣ የዛላውን፣ የዱቄቱን፣ የጥላውን። ጀርባውን ክሬም አድርገው፣ የሰፌድ ቀለም። አረንጓዴ ለጭራው ብቻ ይሁን፣ ያኔ ሲቀነጠስ ዓይን እሱ ላይ ይሄዳል።

የሌላ ሰው በርበሬ ሸክላ አለበት የሚል ነገር ግን በጭራሽ እንዳታስገባ። የራስህን አሳይ፣ የሌላውን ተወው።

ማይክ ያዥ

የድምፅ ሰው ነኝ። አንባቢ አትቅጠር፣ እትዬ ራሳቸው ያንብቡት። የሬዲዮ ድምፅ ያለው ጎረምሳ «በኮረሪማ፣ በጥቁር አዝሙድ» ሲል አንድ ኪሎ በርበሬ አስፈጭቶ የማያውቅ መሆኑ ከአፉ ያስታውቃል።

ስቱዲዮም አያስፈልግህም። የሱቁ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ተደርድሯል አይደል? እህል የሞላ ጆንያ ማሚቶ ይውጣል። መሃሉ ገብታችሁ ቅዱ። የሽሮውን በኩል ምረጡ፣ የበርበሬው በኩል ከሆነ እትዬ በየሐረጉ ያስነጥሳሉ። ስልኩን ከአፋቸው አንድ ስንዝር አርቀህ ትንሽ ወደ ጎን አድርገው፣ ፊት ለፊት ከሆነ «በ»ና «ፐ» ይፈነዳሉ። አንብቡ አትበላቸው፣ «ለደንበኛ እንደሚነግሩት ይንገሩኝ» በላቸው። ሁለት ሦስት ጊዜ ይበሉት፣ ምርጡን ከየቦታው ትቆርጣለህ።

ጎረቤት ወፍጮ ካለ መብራት ሲጠፋ ቅዳ። ፍሪጁም ወፍጮውም ዝም ይላሉ። መብራት መጥፋት የሚጠቅመው ለዚህ ብቻ ነው።

ለሙቀጫው፣ ስልክ ላይ ነፃ ሜትሮኖም አውርድና 75 ላይ አድርገህ በጆሮ ማዳመጫ ለሚወቅጠው ሰው ስጠው። ከሙቀጫው ስር የታጠፈ ብርድ ልብስ አድርግ፣ አለዚያ የሊሾው ድምፅ ይበልጣል። የወንፊቱንም ለብቻው ቅዳ። ያቺ «ሽው ሽው» ለሽግግር ከየትኛውም ከኢንተርኔት ከሚወርድ ኢፌክት ትበልጣለች።

ስልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ

ከዚህ ማዶ፣ ከአሜሪካ፣ አንድ ቃል። እኔ ለእናቴ በርበሬ የማዘው እዚህ ሆኜ ነው፣ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ሲገኝም በሻንጣ አስልካለሁ። ስልኩን በ+251 ጻፉት። በ09 ሲጻፍ እዚህ ያደጉት ልጆቻችን እንዴት እንደሚደወል አያውቁም።

ታፔላ ጸሐፊው

ልክ ነህ፣ ግን ስክሪኑ ላይ አላደርገውም። ገርጂ ላለች ደንበኛ በ09 የሚጀምር ቁጥር ጆሮዋ የሚያውቀው ዜማ አለው፣ +251 ያደናቅፋታል። +251 ያለው ቁጥር ከቪዲዮው ስር ባለው ጽሑፍ ላይ ይሁን። ቴሌግራም ላይ ቁጥሩን ሲነካው መደወል ይችላል፣ ውጭ ላለው ደግሞ ይሄ ይሻለዋል። ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁለት ሁለት አሃዝ አድርገህ አራርቀው፣ ሰው ሲናገረውም እንደዚያ ነው የሚለው።

ጀማሪ ከገርጂ

እትዬ ወረቀቱን አይተው ፈረሙ! ማንበቡን መጀመሪያ አፍረው ነበር፣ አሁን በየደንበኛው ላይ እየተለማመዱ ነው። ሦስቱን ስልክ ግን አልተውም ብለዋል።

ሌላው ላፕቶፔ ነው። አሁን ገና ቅንጠሳው ላይ ሆኜ ፕሪቪው (ሥራውን አጫውቼ ሳይ) ይንተፋተፋል። ለወንፊቱ ደግሞ ዱቄቱን በፓርቲክል (ብዙ ቅንጣት ራሱ በሚፈጥር ኢፌክት) ልሠራ ብዬ ስሞክር ደርቆ ቀረ።

ታፔላ ጸሐፊው

ስልኩን በተመለከተ «የትኛውን ነው ቶሎ የሚያነሡት?» ብለህ ጠይቃቸው። ያ ስክሪን ላይ ይወጣል። ሁለቱ የቴሌግራም ቻናሉ መግለጫ ላይ ይቀመጣሉ። እምቢ ካሉ ለቲቪው በሚሠራው ኮፒ ላይ ሦስቱንም አድርግላቸው። ሱቁ ውስጥ የገባ ሰው ቆሞ ያነባል፣ እዚያ ቦታ አለህ።

መጠኑን 1080 በ1920 አድርገህ ጀምር፣ የሚበዛው ተመልካች ስልክ ላይ ነው። ቀኝ ጠርዝና ታች ላይ ምንም ጽሑፍ አታድርግ፣ ቲክቶክ የራሱን ቁልፍና ጽሑፍ ያስቀምጥበታል። በኋላ ለቲቪው 1920 በ1080 ስታደርገው ሌየሮቹ ስለተነጣጠሉ ወደ ጎን ትዘረጋቸዋለህ። ቪዲዮውን ቆርጠህ ግራና ቀኙን በድብዝዝ ምስል እንዳትሞላው፣ ያ ነገር ያናድደኛል።

8 ጊጋ ትንሽ ነው፣ ግን ለዚህ ሥራ ይብቃቃል፣ ክሮም ዝጋ። ፕሪቪውን ሩብ ጥራት ላይ አድርገው። ሞሽን ብለሩን (የእንቅስቃሴ ብዥታውን) እስከ መጨረሻው ሬንደር (ቪዲዮ አድርጎ ማውጣት) ድረስ አጥፍተህ ሥራ። ያለቀልህን ትዕይንት ሬንደር አድርገህ በቪዲዮ ተካው፣ ኦሪጅናሉን አትሰርዝ። ፓርቲክሉን ተወው። ሼፕ ሌየር (ቅርጽ የሚሳልበት ሌየር) ላይ አምስት ስድስት ትናንሽ ነጥብ ሳል፣ መጠናቸው ይለያይ። ሪፒተር (ቅርጽ ማባዣውን) ጨምርና ወደ ጎን አባዛቸው። ከወንፊቱ ስር ወደ ታች ሲወርዱ አንድ ዙር ብቻ አኒሜት አድርግ። የመጨረሻው ኪይፍሬም ላይ ያለው ከመጀመሪያው ጋር እንዲገጥም አድርገህ ፖዚሽኑ (ቦታው) ላይ ሉፕአውት የሚባለውን የመደጋገሚያ ትእዛዝ ጻፍበት፣ ራሱ ይዞራል። ሌየሩን ሁለት ጊዜ ኮፒ አድርግ፣ አንዱን ትንሽ አሳንሰህ በጥቂት ፍሬም አዘግየው። ዱቄት መሰለህ፣ ላፕቶፕህም ተነፈሰ።

ወንፊቱ ራሱ ግራ ቀኝ ይሂድ፣ በአንድ ምት አንድ ደርሶ መልስ፣ አሥር ፍሬም ወዲህ አሥር ፍሬም ወዲያ። እጅ መሳል ከከበደህ አትሳል። የወንፊቱን ጠርዝ የያዙ ሁለት አውራ ጣቶች ይበቃሉ።

ስትጨርስ ኤምፒ 4 ፋይል አድርገህ ኤች 264 በሚባለው የቪዲዮ መጭመቂያ አውጣው። ለእትዬ በቴሌግራም ስትልከው እንደ ቪዲዮ አትላከው፣ ይጨምቀዋል። እንደ ፋይል ላከው። ለቲቪው በፍላሽ ስጣቸውና እዚያው ቆመህ አጫውተህ እይ። አንዳንዱ ቲቪ ፋይሉን ከፍቶ ድምፁን አያወጣም፣ ያኔ ድምፁን ኤኤሲ በሚባለው የድምፅ ዓይነት አድርገህ እንደገና አውጣው። ሪፒት የሚለውን አንተው አብራላቸው፣ ሪሞቱን ማንም እንዳይነካው ለልጃቸው ንገረው።